አምሮቱ አለ፣ ጣዕሙ ግን ጠፋ፦ ከቅጽበታዊ ደስታ ልማድ እንዴት ይወጣል?

ጥያቄ፦ ከ«ያልተነበበ ገጽ»

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ለብዙ ወራት በልቤ ሳመላልሰው የቆየሁትን ጉዳይ ዛሬ በዝርዝር ላቀርብላችሁ ወድጃለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ረጅም ልብ ወለድ ይዤ ስቀመጥ ጊዜው እንዴት እንዳለፈ አላውቅም ነበር። ሲመሽ መብራት ማብራቱን ረስቼ፣ ፊደሉ ከዓይኔ እስኪሰወር ድረስ ያነበብሁባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። አሁን ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ ሳልደርስ እጄ ሳላዝዘው ወደ ስልኬ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ራሴን ልታዘብ ብዬ ስልኬን አጥፍቼ ከመጽሐፉ አጠገብ አኖርሁት። ጥቂት ደቂቃዎች እንዳለፉ ልብ ስል፣ የጠፋው ስልክ በእጄ ነው፤ አውራ ጣቴም በጠቆረው መስታወት ላይ ወደ ላይ ይገፋል፣ እንደገና ይገፋል። የሚታይም የሚነበብም ነገር አልነበረበትም፤ ጣቴ ግን ሥራውን አላቋረጠም። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ፍርሃት እስካሁን አልለቀቀኝም።

ችግሬ ደስታ መውደዴ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅሁ። የሚያስጨንቀኝ ከነገሩ ደስታ አለማግኘቴ ነው። አጫጭር ቪዲዮዎችን ስመለከት አንድ ሰዓት ተኩል አምሽቼ ስልኬን ሳስቀምጥ፣ ካየሁት ሁሉ አንዱን እንኳ መልሼ ለሌላ ሰው መንገር አልችልም። ሳልራብ ጣፋጭ ነገር እቀምሳለሁ። የማያስፈልገኝን ዕቃ በኢንተርኔት አዝዤ፣ ሲደርስልኝ ማሸጊያውን ለመክፈት እንኳ እሰንፋለሁ፤ ለማዘዝ የነበረኝ ጉጉት ዕቃው እጄ ሲገባ የት እንደሚሄድ አላውቅም። ያም ሆኖ በማግስቱ እዚያው ነኝ።

ሁለት ጊዜ ለማቆም ሞክሬያለሁ። በመጀመሪያው ሙከራ መተግበሪያዎቹን ሁሉ ከስልኬ አጥፍቼ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ፤ በሁለተኛው አምስት ቀን። ተስፋ ያስቆረጠኝ የአምሮቱ ክብደት ብቻ አይደለም። በተረፈኝ ጊዜ ወደ ቀድሞ ደስታዎቼ ስመለስ ጣዕማቸው ጠፍቶ ጠበቀኝ፦ መጽሐፉ ድርቅ አለብኝ፣ የእግር ጉዞው ረዘመብኝ፣ ከወዳጅ ጋር መጨዋወቱም አሰለቸኝ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሰው ደስ ወደማይለው ነገር ለምን ደጋግሞ ይመለሳል? የማጣጣም ችሎታስ አንዴ ከጠፋ ይመለሳል? «ራስህን ግዛ» የሚለውን ምክር ብዙ ሰምቼዋለሁና፣ ራሳችሁ ያለፋችሁበትን ወይም በትምህርት የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«ቀስ በቀስ»

ሥነ ልቦና አስተምራለሁ፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ጥያቄዎ ላይ ትንሽ ብቆይ ይፍቀዱልኝ። ለማዘዝ የነበረዎት ጉጉት ዕቃው ሲደርስ እንደሚጠፋ ጽፈዋል። ይህ ትዝብትዎ የጉዳዩ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ።

አምሮትና ጣዕም በአንጎላችን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር ለረጅም ጊዜ «የደስታ ኬሚካል» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንዲሁ ይጻፋል። በሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኬንት ቤሪጅና ባልደረቦቻቸው ግን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባካሄዱት ምርምር ነገሩ ሌላ መሆኑን አሳዩ። በአንጎላቸው ያለው ዶፓሚን ከሞላ ጎደል እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ እንኳ አይበሉም ነበር፤ በሕይወት የሚቆዩት በቱቦ ሲመገቡ ብቻ ነው። ሆኖም ጣፋጭ ፈሳሽ አፋቸው ውስጥ ሲደረግላቸው እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን እየላሱ ያጣጥሙታል። ጣዕሙ አለ፣ አምሮቱ የለም። የእርስዎ ሁኔታ የዚህ ግልባጭ ነው፦ አምሮቱ እንደ እሳት ይነዳል፣ ጣዕሙ ግን የለም። ሰው ደስ ወደማይለው ነገር ደጋግሞ መመለስ የሚችለው፣ የሚመልሰው ኃይልና የሚያስደስተው ኃይል አንድ ስላልሆኑ ነው።

ቮልፍራም ሹልትዝ የተባሉ ተመራማሪ ደግሞ በጦጣዎች ላይ ያዩት ነገር አለ። ለጦጣዋ ጭማቂ ከመሰጠቱ በፊት ምልክት ይታያታል። መጀመሪያ ላይ ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት የሚነቁት ጭማቂው ሲመጣ ነበር፤ ጦጣዋ ነገሩን ከለመደች በኋላ ግን የሚነቁት ለምልክቱ ሆነ፣ ለጭማቂው ለራሱ ዝም አሉ። የተጠበቀው ጭማቂ ከቀረ ደግሞ እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ወረደ። የስልክዎን ድምፅ ሲሰሙ የሚሰማዎትን መቸኮል መልእክቱን ካነበቡ በኋላ ከሚሰማዎት ጋር ያነጻጽሩት። አስደሳች ቪዲዮ የሚመጣው በየስንተኛው እንደሆነ አለመታወቁም ጉጉቱን ያጠናክረዋል፤ ስኪነር የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በእርግቦች ላይ ባደረጉት ሙከራ እንደታየው፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ሳያቋርጡ የመሞከርን ልማድ እጅግ ያጸናል።

ስለ ጣትዎ የጻፉት ደግሞ አንድ ሌላ ጥናት አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዴቪድ ኒል፣ ዌንዲ ውድና ባልደረቦቻቸው ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ፈንዲሻ አደሉ፤ ለአንዳንዱ ትኩሱን፣ ለአንዳንዱ አንድ ሳምንት የሰነበተውን። ሲኒማ ሲያዩ ፈንዲሻ የመብላት ጽኑ ልማድ የነበራቸው ሰዎች፣ የሰነበተውን እንዳልወደዱት ራሳቸው እየተናገሩ፣ ከትኩሱ ያላነሰ በሉ። «ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የሚቀጥለው ነው፦ ተመልካቾቹ ባልለመዱት እጃቸው እንዲበሉ ሲደረግ ልማዱ ተሰበረ፤ የሰነበተውን ፈንዲሻ ከትኩሱ አሳንሰው በሉ። እጃቸው ሲዘገይ ምላሳቸው መናገር ጀመረ ማለት ነው።

ስለዚህ ከአምሮቱ ጋር ፊት ለፊት ከመታገል ይልቅ መንገዱን ትንሽ ሻካራ ያድርጉበት። ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጡት፤ ረጅም የይለፍ ቃል ያድርጉበት፤ ዕቃ ለማዘዝ ሲያምርዎ የዕቃውን ስም በወረቀት ጽፈው ሦስት ቀን ያቆዩት። ከዚያ ያንኑ ነገር ሲያደርጉ ቀልብዎን ሰብስበው ያድርጉት። ቪዲዮውን ካዩ በኋላ ቀጣዩን ከመግፋትዎ በፊት «ይህ ጣመኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ አዎ ከሆነ ደግ ነው፣ አይ ከሆነ መልሱን ምላስዎ ነግሮዎታል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። «የዶፓሚን ጾም» የሚል ምክር በብዛት ይነገራል። ለጥቂት ቀን ከስልክ መራቁ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ግን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ዶፓሚን በሰውነት ተጠራቅሞ የሚወጣ ቆሻሻ አይደለም። ያለ እርሱ እጅና እግራችንን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ አንችልም፤ በፓርኪንሰን ሕመምተኞች ላይ የሚታየውም ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት መሞት ነው።

መልስ፦ ከ«አሮጌ ጫማ»

«ቀስ በቀስ» የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም በአንድ ነጥብ ላይ አልስማማም። ስልኩን ትንሽ አርቆ ማስቀመጥ ለእኔ አልበቃኝም ነበር፤ ክፍሉን በሙሉ መለወጥ ነበረብኝ። ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮችን ተከታትለው ነበር። እዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱሰኛ ከነበሩት መካከል፣ አገራቸው በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና በሱስ የተያዙት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንዲህ የሆነበት ምክንያት ከአንድ በላይ ቢሆንም፣ የኖሩበት ቦታና በዙሪያቸው የነበረው ነገር ሁሉ መለወጡ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ይታመናል። እኔም ይህን ሳነብ፣ በየማታው በዚያው ወንበር፣ ለዚያው ግድግዳ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ በዚያው ሰዓት ተቀምጬ ሌላ ሰው ለመሆን መሞከሬ ከንቱ ድካም መሆኑ ገባኝ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ የስልኬን ቻርጀር ነቅዬ ከመግቢያው በር አጠገብ ሰካሁት፤ ስልኩ ከነበረበት ጠረጴዛ ላይም እርሳስና ወረቀት አስቀመጥኩ።

ሁለተኛውን ጥያቄዎን የሚመለከተው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሥዕል የሚያውቅ ሰው አይደለሁም። በመጀመሪያው ማታ ከፊቴ ያገኘሁትን አሮጌ ጫማዬን ለመሣል ተቀመጥኩ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተነሣሁ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንዲሁ። ዐሥራ አንድ ቀን ያህል የተሰማኝ ባዶነት ብቻ ነበር፤ እርስዎ በዘጠነኛው ቀን ያቆሙት በዚህ በረሃ መካከል ሳሉ ይመስለኛል። በዐሥራ ሁለተኛው ማታ ግን የጫማውን ማሰሪያ እየተከተልኩ ሳለ አንድ ነገር አየሁ፦ ማሰሪያው በቀዳዳው ሲያልፍ የቆዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በእጥፋቱ ውስጥም ጥላው አንድ ዓይነት አይደለም፣ ከጠርዙ ጠቆር ብሎ ይጀምርና ወደ ውስጥ ሲገባ ይሳሳል። ያንን ጫማ ስድስት ዓመት አድርጌዋለሁ፤ ይህን ግን አይቼው አላውቅም። ጥላውን በእርሳስ ለማምጣት ስሞክር፣ ስደመስስ፣ እንደገና ስሞክር ቀና ስል አርባ ደቂቃ አልፏል። ሥዕሉ የሚታይ ነገር አልነበረም። እኔ ግን በዚያ ማታ እንደ ልጅነቴ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ይህ ደስታ እንደ ጣፋጭ ነገር ፈጥኖ የሚመጣ አይደለም፤ ከሥራው መካከል ሳያስቡት ይመጣል፤ ሲመጣም አይጮኽም። ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባሉት ምሁር ሰዎች በሥራቸው ውስጥ ራሳቸውን የሚረሱበትን ሁኔታ ዕድሜ ልካቸውን አጥንተዋል፤ ሥራው ከችሎታችን በጣም ሲያንስ እንደምንሰለች፣ በጣም ሲበልጥ እንደምንጨነቅ፣ ከችሎታችን ጋር ሲመጣጠንና ጥቂት ሲፈትነን ግን ቀልባችን ሙሉ በሙሉ እንደሚሰበሰብ ጽፈዋል። ስለዚህ ወንድሜ ወይም እህቴ፣ ልለምንዎ፣ በቀጥታ ወደ ረጅሙ ልብ ወለድ መመለስዎን ለጊዜው ይተዉት። የማንበብ ጡንቻዎ ሳስቷል። አጭር ልብ ወለድ ይያዙ፤ በአንድ ማታ የሚያልቅ፣ ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩን ደግመው ሊያነቡት የሚያስገድድ ይሁን።

መልስ፦ ከ«የሌሊት ተረኛ»

ከላይ የተሰጡት መልሶች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሁለቱም ማታ ላይ ጉልበት የተረፈውን ሰው ያሰቡ መሰለኝ። እኔ ሌሊት ሠርቼ፣ ጠዋት ልጆች አሰናድቼ፣ ከዚያ የምቀመጥባት ሃያ ደቂቃ አለችኝ። በእርሷ ጊዜ እርሳስ ለማንሣት አቅም የለኝም። ለረጅም ጊዜ ቪዲዮ በማየቴ ራሴን ስወቅስ ኖሬ፣ በኋላ የተረዳሁት የሚያምረኝ ቪዲዮው ሳይሆን ዕረፍት መሆኑን ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ሃያ ደቂቃ ጋደም ማለት ስጀምር አምሮቱ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። እርስዎም ከሁሉ አስቀድመው እንቅልፍዎን ይመርምሩ።

ደግሞም ትንንሽ ደስታዎችን ሁሉ እንደ ጠላት አይዩአቸው። ዦርዲ ኳድባክና ኤሊዛቤት ደን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ለአንድ ሳምንት ቸኮሌት ሳይቀምሱ የቆዩ ሰዎች በኋላ ሲቀምሱ እንደ ልባቸው ሲበሉ ከሰነበቱት ይልቅ አጣጥመውታል። ነገሩን ማስወገድ ሳይሆን ማራራቅ ጣዕሙን መለሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልናገር። ልጆች ለበለጠ ሽልማት ሲሉ ትንሹን ጣፋጭ ሳይበሉ እንዲጠብቁ ስለተደረገበት ሙከራ ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ብዙ ጊዜም የጠባይ ጥንካሬ መለኪያ ተደርጎ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰለስት ኪድና ባልደረቦቿ 28 ልጆችን ይዘው ሙከራውን በሌላ መንገድ ሠሩት፤ ለአንዳንዶቹ ልጆች አዋቂዋ አስቀድማ የገባችውን ቃል ጠበቀችላቸው፣ ለሌሎቹ ግን አፈረሰችባቸው። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ሲጠብቁ፣ የፈረሰባቸው ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ ጠበቁ። ይህን ባነበብኩ ቀን ስለ ራሴ አለቀስኩ። ለራሴ የገባሁትን ቃል ስንት ጊዜ አፍርሻለሁ! «ከዛሬ ጀምሮ» እያልኩ ስንት ሰኞ አልፏል! እንዲህ ለከዳሁት ሰው ውስጤ ለምን ይጠብቃል? አሁን ለራሴ የምገባው ቃል በጣም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አላፈርሰውም። «ዛሬ ምሳ ስበላ ስልክ አልይዝም» እላለሁ፣ አልይዝም። ከዚያ ያለፈ ቃል አልገባም።

ከ«ያልተነበበ ገጽ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ቃል የተጻፈው በተለይ ልቤን ነክቶታል፤ ሁለቱንም ሙከራዎቼን የጀመርሁት «ዳግመኛ አልነካውም» በሚል ቃል ነበርና። በመጀመሪያው በዘጠነኛው ቀን አንድ ማታ ብቻ ተሳስቼ ከከፈትሁት በኋላ «አንዴ ፈርሷል» ብዬ ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስሁት። እንዲህ ያለው መሰናከል በእርግጥ ሁሉን ያፈርሳል? አምሮቱ በሚነሣባት ደቂቃስ ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ከ«ቀስ በቀስ»

አያፈርስም። በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ አዲስ ልማድ ለመትከል የሚሞክሩ 96 ሰዎችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ቀን መዝለል በልማዱ አመሠራረት ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም። ድርጊቱ ያለ ማሰብ የሚሠራ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ 66 ቀን አካባቢ ሲሆን፣ እንደ ሰውዬውና እንደ ድርጊቱ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ቀን ቆይተው ያልተሳካልዎት መስሎ የታየዎት መንገዱ ገና ሲጀመር ነው። ያፈረሰዎት መሰናከሉ ሳይሆን ከመሰናከሉ በኋላ «ፈርሷል» ያሉት ቃል ነው።

አምሮቱ ሲነሣ፣ አለን ማርላት የተባሉት የሱስ ሕክምና ተመራማሪ ያስተማሩት መንገድ አለ፤ አምሮትን እንደ ማዕበል መመልከት ነው። ማዕበሉን ለመግታት አይሞክሩ፤ ከሰውነትዎ የትኛው ክፍል ላይ እንዳለ ያስተውሉ፦ በደረትዎ ነው ወይስ በመዳፍዎ? ሲያይል ይመልከቱት፣ ከፍ ብሎ ሲሰበርም ይመልከቱት። ሳይመግቡት ከተዉት ይወርዳል። እኔ ይህን ሳደርግ እጄን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጣቶቼን አያለሁ፤ የሚያሳክክ የሚመስል ነገር በአውራ ጣቴ ሥር ይሰማኛል፣ ከዚያ እየደከመ ይሄዳል።

በ«አሮጌ ጫማ» ሐሳብም መሸነፌን ልግለጽ። ልማዱ በቦታው ላይ የቆመ ከሆነ ቦታውን መለወጥ ይቀድማል፤ ወንበርዎን ያዙሩት።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አደራ እላለሁ። የሚያነቡት ብቻ ሳይሆን ምግብ፣ ወዳጅ፣ ሥራ፣ ሁሉም ነገር ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ጣዕም ካጣብዎ፣ እንቅልፍዎና የምግብ ፍላጎትዎ ከተዛባ፣ ወይም ተስፋ መቁረጥ ከተጫነዎ፣ ይህ ልማድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ድባቴ የሚባለው ሕመም ከሚታወቅባቸው ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ የማጣጣም ችሎታ መጥፋት ነው፤ ሕክምናም አለው። የጤና ባለሙያ ከማማከር አይዘግዩ።

ከ«ያልተነበበ ገጽ»፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ

የገባሁት ቃል ትንሽ ስለነበር የምጽፈውም ትንሽ ነው። ሐኪም አማክሬአለሁ፤ ድባቴ አለመሆኑን፣ እንቅልፌ ግን እጅግ መጉደሉን ነግሮኛል። ወንበሬን አዙሬአለሁ፤ ስልኬ ማታ ማታ ከበሩ አጠገብ ያድራል። አራት ቀን ተሰናክያለሁ፤ በማግስቱ ሁሉ ቀጥያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያነበብሁት ሁሉ እንደ ገለባ ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ ልናገር።

ትናንት ማታ አጭር ልብ ወለድ እያነበብሁ ዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጄ እንደ ልማዱ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደ። አየሁት፤ አልከለከልሁትም። ጠርዙን ዳሰሰ፣ ምንም አላገኘም፣ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ተመልሶ ገጹን ገለጠ። ታሪኩ የቱ ጋ እንደ ደረሰ አልጠፋኝም፤ ሴትዮዋ በሩን ልትከፍት እጀታውን ይዛ ነበር፣ እኔም ከበስተጀርባው ማን እንዳለ ለማወቅ ቸኩዬ ነበር።